የተቀቀለው ጥርስ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አንሶላዎቹን በበረኪና ዘፈዘፍኳቸው። ሽታው ክፍሉን ሲሞላው፣ በልጅነቴ ልደታ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ትዝ አሉኝ። የእሳቸው ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ይሸት ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ንጽሕና የሚወዱ ሴት ነበሩ።

ጋሽ ተሰማ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ በቡናማ ካፖርታቸው ተጠቅልለው ከግቢ ግቢ ይዞራሉ። መጀመሪያ አንድ ረጅም፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ፤ ከዚያ የሟቹ ስም ከነአባቱ። በዚያ ዘመን መንግሥት የገደለው ብዙ ሰው ሳይለቀስለት ይቀር ስለነበር፣ ስሙ በጋሽ ተሰማ አፍ የተጠራ እንደታደለ ይቆጠር ነበር። ሌላ ሥራ አልነበራቸውም፤ ሌላ ክብርም።

የላይኛው ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ነበር። ሲተኙ አውልቀው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ እትዬ አስካለ በሳሙና ያጥቡላቸዋል። አንድ ሰሞን ከቀበሌው ሱቅ ሳሙና ጠፋ። የግንቦት ልደታ በዓል ደርሶ ነበርና፣ እትዬ የሲጋራውን ብልዝ ላስለቅቅ ብለው ጥርሱን በፈላ ውሃና በበረኪና ዘፍዝፈው አሳደሩት። ሲነጋ ጥርሱ ነጥቷል፤ ሮዙ ድድ ግን ገርጥቶ ተጣሟል። ከዚያ በኋላ አፋቸው ውስጥ መወዛወዝ ጀመረ።

ጥርሱን የሠራላቸው ሐኪም፣ "የፈላ ውሃ ያጣምመዋል፤ አንዴ ከተጣመመ አይመለስም። አዲስ እንዳንሠራ ዕቃው የለም" አላቸው።

ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። ያኔ የምንሰማው ጡሩምባውን ብቻ ነበር። ሲነፉ ጥርሱ ይንሸራተትና ትንፋሻቸው በጎን ያመልጣል። ፉጨት የመሰለ ነገር ይወጣል። ስም ሲጠሩም ይኮላተፋሉ።

አንድ ቀን ከቀብር መልስ የዕድሩ ዳኛ በሰው ፊት፣ "ተሰማ፣ በጠዋቱ ቀመስክ እንዴ?" አሉ።

"እሱ መች ጡሩምባ ነፋ፣ ጠላው ነው እሱን የነፋው!" አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጋሽ ተሰማ ዘወር ብለው እትዬ አስካለን አዩ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

"ትንሽ ቀምሻለሁ" አሉ ጋሽ ተሰማ።

ጡሩምባውን እዚያው ተቀበሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ሲበሉ ነው የማስታውሳቸው። በእሳቸው ምትክ የተመረጠው ሰውዬ ሲነፋ ተነስተው ይገባሉ። ሲሞቱም ስማቸውን የጠራው እሱ ነበር፤ ያውም እየተጣደፈ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እትዬ አስካለ ድንገት ብድግ አሉ። "ጠጥቶ አያውቅም! ጥርሱን የቀቀልኩበት እኔ ነኝ። 'በአንቺ ከሚስቁ እኔ ሰካራም ልባል' አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ።"

ዳኛው መሬት መሬት አዩ። አንዲት ሴት "አይዞሽ፣ ተይው በቃ" ብለው አስቀመጧቸው። ንፍሮው መዞሩን ቀጠለ። አጠፋን ያለ ሰው አልሰማሁም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ሊያጽናኑኝ መጡ። ስለ ሰፈሩ ስናወራ፣ "ያ ሰካራሙ ጡሩምባ ነፊስ ትዝ ይልሻል?" አሉኝ።

"አይጠጡም ነበር እኮ። እትዬ አስካለ ሲናገሩ ድንኳኑ ውስጥ አብረን ነበርን።"

"እሱስ አዎ፣ ነበርን" አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "እኛ ግን የምናውቀው እንደዚያ ነው።"