ከአስኮ ምን አለሽ ተራ በተጣጣፊ ደብተር

ስድስት ዓመት ሙሉ ከአስኮ መርካቶ ተመላልሻለሁ። መንገዱን ግን በወጉ አይቼው አላውቅም፤ ዐይኔ ስልኬ ላይ ነዋ። ሰሞኑን የማውቃቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ፈርሰው ሳይ ደነገጥኩ። መንገዱ ሳይጠፋብኝ ልሳለው ብዬ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ደብተር ገዛሁ፤ ሲዘረጋ መንገዱ በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ይሆናል።

ጠዋት 1፡10፣ አስኮ

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ደረሰኝ፣ ተመስገን። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው አለ" ሲል አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ክንድ እርሳሴን ገፋውና የዊንጌት አደባባይ እንቁላል ሆኖ ቀረ። እንዳለ ተውኩት። ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ምግብ ያንጠለጠሉ የሕመምተኛ ጠያቂዎችን ሳልኩ። ባለክንዷ ሴት "እኔንም አስገቢኝ፤ ግን አታወፍሪኝ" አለችኝ። ትንሽ አቅጥኜ ሳልኳት፤ ደስ አላት።

2፡00፣ ምን አለሽ ተራ

አውቶቡስ ተራ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። የምሠራበት የቁልፍና የዚፕ ሱቅ ሁለት ተኩል ነው የሚከፈተው፤ ጊዜ ነበረኝ። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የሚሠሩት ሰዎች ፊት ለፊት ቆሜ ሱቆቹን በተራ ሳልኩ። ቀለም የምቀባው ቤት ገብቼ ስለሆነ፣ እንዳልረሳ በሳልኩት በር ሁሉ ላይ የቀለሙን ቁጥር እጽፋለሁ። ቀና ስል የመዶሻው ድምፅ ቆሟል። ሁሉም እኔን ያያል።

አንድ አዛውንት መዶሻቸውን እንደያዙ መጡ። ጋሼ ከድር እንደሚባሉ በኋላ ነው የሰማሁት።

"ልጄ፣ መቼ ነው የሚፈርሰው?"

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"ቁጥር ስትጽፊ አየንሽ እኮ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ሱቅ ነው፤ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ለፈረሳ የሚመዘግብ ሰውም እንደኔ ቆሞ፣ በር በር እያየ ቁጥር ይጽፋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደብተሩን ከአስኮ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ዘረጋሁላቸው። ጎንበስ ብለው ሱቃቸውን ፈለጉ።

"የኔ በር ስንት ቁጥር ነው?"

"አራት።"

"አራት ምን ማለት ነው?"

"አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ። የበርዎ ቀለም።"

ዞረው በራቸውን አዩት። "አልሐምዱሊላህ" ብለው አንድ ምድጃ ላይ ቁጭ አሉ። ጎረቤቶቻቸው ሳቁብኝ፤ እኔም እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም፣ አብሬያቸው ሳቅኩ። ጋሼ ከድር ግን ስልካቸውን አወጡ። ለካ ቁጥር ስጽፍ እንዳዩኝ ለባለቤታቸው ደውለው ሱቁ ሊፈርስ ነው ብለዋቸው ነበር።

"አታልቅሺ" አሏቸው። "ቀለም ነው።"

11፡30፣ ቤት

ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መንገዱ የሚያሳስበው ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ አፈርኩ። እኔ የማየው ነገር እንዳይጠፋብኝ ነው የፈራሁት፤ እሳቸው ግን የሚበሉት።

ነገ እርሳሴን ከማውጣቴ በፊት ሰላም እላቸዋለሁ። ቁጥርም አልጽፍም። ቀለሙን ብረሳ ተመልሼ አያለሁ፤ በሩ እንደሆነ እዚያው አለ።