የታናሼ እጅና የእኔ ክኒኖች

ታናሽ ወንድሜን ሽመና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አባታችን ከሞተ በኋላ፣ ጨንቻ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ የሽመና ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጬ እግሩን መርገጫው ላይ ያደረግኩለት፣ መወርወሪያውን በቀኝ ልኮ በግራ እንዲቀበል ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሲሳሳት አልመታውም ነበር። ድሩ ሲበጠስበት ጎንበስ ብዬ እቀጥልለት ነበር። ባላስተምረው ኖሮ ያን ያህል አልቀናበትም ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

በኋላ ሁለታችንም ወደ አርባ ምንጭ ወርደን ሲቀላ ሰፈር ቤት ተከራየን። እኔ ሚስት አግብቼ ነበር፤ እሱ ገና ላጤ ስለነበር በዚያው ግቢ አንድ ክፍል ያዘ። ከጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጠለያ ሁለት የሽመና እቃ ጎን ለጎን ተከልን። እኔ ስሜ የታወቀው በዱንጉዛ፣ በጋሞ ባለ ሦስት ቀለም የክብር ልብስ ነው። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ የሚገናኙበት መስመር እኔ ጋ አይወላገድም። ሙሽራ የሚድሩ፣ ሽማግሌ የሚሾሙ ሰዎች ከጨንቻም ከኦቾሎም እየወረዱ "የታላቅየውን ስጡን" ይሉ ነበር። ታናሼ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። እኔም ደስታዬን አልደብቅም ነበር።

የታመምኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሁለት ወንዶች ከግድግዳው ኋላ ሆነው በጋሞኛ ስለ ሥራዬ ሲያወሩ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ማንም የለም። ከዚያ ጎረቤት ውኃችን ውስጥ የሆነ ነገር ጨምሯል ብዬ መጠጣት ተውኩ፤ ቀጥሎም መብላት። ባለቤቴ ነገሩን ለወንድሜ ነገረችው፤ እሱም ጸበል ወሰደኝ። ሁለት ሳምንት ከቆየን በኋላ እዚያ ያሉት ቄስ ወንድሜን ጠርተው፣ ጸበሉ ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክልም፣ ሁለቱንም አድርጉ አሉት። እንዲህ ብለው ባያሰናብቱን ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር አላውቅም።

ሐኪም ቤት ከመረመሩኝ በኋላ ሃሎፔሪዶል የሚባል ክኒን ሰጡኝ። ሠራልኝ። ድምፆቹ መጀመሪያ ዝቅ አሉ፣ ከዚያ ራቁ፣ ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት እንደሌሉ ገባኝ። ውኃም መጠጣት ጀመርኩ። ቤተሰቡ ሁሉ ተመስገን አለ።

እጄ ግን የእኔ አልሆን አለ። ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ ክንዴ እንደ እንጨት ይገተራል፣ መወርወሪያው ከመዳፌ አምልጦ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። እግሬ ደግሞ መርገጫው ላይ አልቀመጥ ብሎ ያቁነጠንጠኛል። ፊቴ ሳይቀር ስለጠነከረ ባለቤቴ ምንም ሳልናገር "ምን አስቆጣህ?" ትለኛለች። በፊት በሁለት ቀን የምጨርሰው ሥራ ሳምንት ይፈጅብኝ ጀመር። ያ ለዓመታት የታወቅኩበት መስመር እንደ ሰካራም መንገድ ይዛነፋል።

በየወሩ ክትትል ስሄድ የምታየኝ ሲስተር "ሌላ የተሰማዎት ነገር አለ?" ብላ ትጠይቀኛለች። እኔ እጄን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ "ምንም የለም" እላለሁ። ምክንያቱን ዛሬ ለመናገር አላፍርም። ወንድሜ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። እጄ መክዳቱን ከእኔ አፍ እንዲሰማ አልፈለግኩም።

እሱ በዚያው ወራት እጁ እየተፍታታ ሄደ። ጎን ለጎን ስለምንሠራ የእሱን ሽመና ሳልፈልግ እሰማዋለሁ፤ ቀጥ ያለ፣ የማይቆራረጥ ድምፅ ነው። የእኔ አንዴ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይወድቃል። እሱ ለምሳ ሲነሳ ሄጄ ጨርቁን እገለብጥና ስህተት እፈልጋለሁ። አጣለሁ። እንዳጣሁ ተመልሼ ስቀመጥ ደረቴ ውስጥ የሚሰማኝን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ጨንቻ ያለችው እናታችን ድሮ ስትደውል አዲስ ጥለት ያየች እንደሆነ ለእኔ ነበር የምትነግረው። አሁን ወንድሜን ታስጠራና ስለ እኔ ትጠይቀዋለች፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ።

አንድ ቀን ከጨንቻ የቆዩ ደንበኛዬ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ዱንጉዛውን የሠራሁላቸው እኔ ነበርኩ። አሁን ለሁለተኛው ፈልገው ነው። የእኔንም የወንድሜንም ሥራ በአውራ ጣታቸው እያሹ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ እንዲህ አሉ፦

"ይቺን ታናሽየው ይሥራት። አንተ እረፍ፤ አሞህ ነበር አሉ።"

በደግነት ነው የተናገሩት። እኔ ግን ቃሉን ለቀናት አመነዠግኩት። ወንድሜ ትእዛዙን ለእኔ ሊተወው ሞክሮ ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ። የሚለቅልኝ እሱ መሆኑ።

በዚያ ሳምንት ክኒኑን መዋጥ ተውኩ። ባለቤቴ ማታ ማታ ከውኃ ጋር ታቀብለኛለች፤ እኔ ከምላሴ ሥር አኑሬ ጓሮ እወጣና ሙዙ ሥር እተፋዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አሥር ቀን ያህል እንዳለፈ ጣቶቼ ጸጥ አሉ። እግሬም አደብ ገዛ። አንድ ጋቢ ጀምሬ እንደ ድሮዬ ሳስኬደው ወንድሜ ሥራውን አቁሞ አየኝ።

"ጋሼ፣ እጅህ ተመለሰ" አለ። ከልቡ ደስ ብሎት ነበር።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም። በሕይወቴ ካሉት ጥሩ ሳምንታት አንዱ ያ ነው። ወንድሜ በእኔ ፍጥነት ሲገረም ማየት ከመዳኔ በላይ አስደሰተኝ። መድኃኒቱ ጠላቴ እንደነበረ፣ እኔም ነቅቼበት እንዳሸነፍኩት አመንኩ። ክኒኑ እጄን ቢያስርም በሽታውንም ያሰረው እሱ እንደሆነ አላሰብኩትም።

ከዚያ እንቅልፌ እያነሰ መጣ። ሥራ ጨመርኩበት እንጂ አልደነገጥኩም። ቀጥሎ ከወንድሜ የሽመና ድምፅ ውስጥ ቃል መስማት ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት እነዚያ ሁለት ሰዎች ተመለሱ፤ የአንደኛው ድምፅ አሁን የወንድሜ ነበር። ጥለቱን ከጭንቅላቴ እየቀዳ እንደሚወስድ፣ እጄን ሰልቦ የራሱ እንዳደረገው ነገረኝ። የቅናቴን ወሬ ነው በሌላ አፍ መልሶ የነገረኝ፤ ለዚህ ነው ወዲያው ያመንኩት።

እሑድ ጠዋት ወንድሜና ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ምላጭ ይዤ ወደ መጠለያው ገባሁና በወንድሜ እቃ ላይ የተወጠረውን የጨንቻውን ደንበኛ ዱንጉዛ ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። የቀረውንም ድር በጭብጥ በጭብጥ እየያዝኩ በጠስኩት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው።

ባለቤቴ ገና ከደጅ ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ በገመድ ይታሰር ያሉ ነበሩ። ወንድሜ ማንም እንዳይነካኝ ለመናቸው። የተቆራረጠውን ሥራውን አንድ ጊዜ ብቻ አየው። ከዚያ ራቅ ብሎ ከእኔ ትይዩ መሬት ላይ ተቀመጠና በጋሞኛ፣ ቀስ ብሎ አናገረኝ።

"ጋሼ፣ መድኃኒቱን መቼ ተውከው?"

"እጄን የወሰድክ ጊዜ።"

"እጅህ አንተው ጋ ነው። አየው። እኔ አልወሰድኩም።"

 ምላጩን መሬት ላይ እንዳስቀምጠው ለመነኝ፤ አስቀመጥኩት። ለምን እንደታዘዝኩት ዛሬም አላውቅም። ባጃጅ ጠርቶ ክርኔን ይዞ አስገባኝ፤ መንገዱን ሁሉ እጁ ከክርኔ ላይ አልተነሳም።

ሐኪም ቤት አስተኙኝ። መጀመሪያ መርፌ ተወጋሁ። ያን ቀን ከሰዓት አንገቴ ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዞ ቀረ፣ መንጋጋዬም ተቆለፈ። እየሞትኩ መሰለኝ። በየወሩ የምታየኝ ሲስተር ሮጣ መጥታ አየችኝና የመርፌው ነገር እንደሆነ፣ እንደሚፈታ ነግራኝ ሌላ መርፌ ሰጠችኝ። ብዙም ሳይቆይ አንገቴ ላላ። ይህ ነገር ስም ያለውና መፍትሔ ያለው ነገር መሆኑን ማወቄ ብቻ ግማሽ ፍርሃቴን ወሰደው።

ወደ ራሴ ስመለስ፣ ማለቴ ድምፆቹ ዝቅ ብለው ሰው ማዳመጥ ስጀምር፣ ሲስተር ወንበር ስባ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። ባለቤቴ ስለ መንቀጥቀጡ ነግራት ነበር።

"ለምን አልነገሩኝም? በየወሩ ጠይቄዎታለሁ እኮ።"

"ወንድሜ እንዲሰማ አልፈለግኩም" አልኳት። "እቀናበታለሁ።"

ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አልገሰጸችኝም። ጥፋቱ የእሷም እንደሆነ፣ ብቻዬን ልታናግረኝ ይገባ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጀመሪያ እኔን ብቻ አስገብታ፣ ቤተሰቡን በኋላ ትጠራለች።

መንቀጥቀጡና መገተሩ ከመድኃኒቱ እንደሚመጣ አስረዳችኝ። መጠኑን መቀነስ፣ በሌላ መቀየር፣ ለመንቀጥቀጡ የሚሆን ሌላ ክኒን መጨመር ይቻላል፤ ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ፣ ቀስ በቀስ ነው። በአንድ ጊዜ ማቆም በሽታውን በሩን ከፍቶ ማስገባት ነው አለችኝ። ለባለቤቴም ነገረቻት፦ ድንገት ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ ሁሉ ከደረቀ ወይም ከተምታታበት ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያኔውኑ አምጪው፤ አረቄ ከክኒኑ ጋር አይሄድም፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት ከመድኃኒቱ ጋር ስለሚከብድ ውኃ አብዝቶ ይጠጣ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ አይምታው። ወንድሜ ይህን ሁሉ ስልኩ ላይ ሲጽፍ አየሁት። ያኔም ቀናሁበት፤ የእኔን በሽታ እንኳ ከእኔ ይልቅ በደንብ የያዘው እሱ ነው ብዬ።

ሐኪሙ በሳምንታት ውስጥ አንዱን እየቀነሰ ሌላውን እየጨመረ ሪስፔሪዶን ወደሚባል መድኃኒት አዛወረኝ። እጄ ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የምግብ ፍላጎቴ ስለጨመረ ቀበቶዬ ጠበበኝ፤ ስለዚህ በየቀጠሮው እመዘናለሁ፣ አልፎ አልፎም ለስኳር ደም እሰጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሲቀላ ሽቅብ እስከ ላይኛው ሰፈር ሴቻ በእግሬ መውጣት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ዱንጉዛውን ወንድሜ እንደ አዲስ ሠራው። ለጨንቻው ደንበኛ ድሩ ተበላሽቶብን ነው ብሏቸው ነበር። ሲያስረክብ አብሬው ሄድኩና እውነቱን ነገርኳቸው፤ የቆረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መድኃኒቴን አቁሜ ታምሜ እንደነበር። ይቅርታ ያደርጉልኛል፣ ትከሻዬን ይዘው አይዞህ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጨርቁን አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱና "እግዜር ይማርህ" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ ተመልሰው አልመጡም። ወንድሜ አንድ ጥሩ ደንበኛ ያጣው በእኔ ነው።

እሱ ግን ስለዚህ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ዝምታው ሲከብደኝ፣ ከሰዓት ጎን ለጎን እየሠራን ሳለ፣ በዓይኔ ሳላየው ነገርኩት።

"ያኔ የቆረጥኩት በበሽታ ብቻ አይደለም። ከበሽታው በፊትም እቀናብህ ነበር። አሁንም እቀናብሃለሁ።"

መወርወሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለሰና ቆመ።

"አውቃለሁ" አለ። "እኔም ቀንቼብሃለሁ። ልጅ ሳለሁ በእጅህ። አሁን ደግሞ፣ አትዘንብኝና፣ በመታመምህ። እማዬ ስትደውል የምትለው 'ወንድምህ በላ? መድኃኒቱን ወሰደ?' ነው። እኔን እንዴት ነህ ያለችኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም።"

 ያን ሁሉ ጊዜ ቅናቱን የእኔ ብቻ ነው ብዬ ተሸክሜው ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ እናታችን ስትደውል ስልኩን እኔው አነሳሁና ደህና እንደሆንኩ ነግሬያት፣ ታናሼ ከሰሞኑ ጉንፋን ይዞታል፣ ጠይቂው ብዬ ሰጠሁት። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ብዙ አወሩ። ሲስቅም ሰማሁት።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፏል። ክኒኔን አሁን በየቀኑ ከራት በኋላ ራሴው እወስዳለሁ። ወደ ጨንቻ ስንወጣ ዝናቡ መንገዱን ቢቆርጠው ብዬ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ትርፍ እይዛለሁ። ድምፆቹ አልተመለሱም። ዱንጉዛውን ወንድሜ ይሠራል፤ እኔ ድር አደራለሁ፣ ጋቢና ነጠላም እሠራለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስንወጣ አንዲት ከላንቴ የምትመጣ ሴት የእኔን ነጠላ መርጣ የገዛች ቀን፣ ወንድሜ አይቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ዞር አልኩ። አይቷል።

ዘንድሮ እሱም አግብቶ ሴቻ ቤት ያዘ። እናታችን ለትንሣኤ ስትወርድ የት እንደምታርፍ ስትጠየቅ፣ እሱ ጋ ነው አለች። አሥር ቀን ቆየች። እኔ በየጠዋቱ ሽቅብ እየወጣሁ ቁርስ እዚያ እበላ ነበር፤ እሷም ለታናሼ የጥጥ ልቃቂት እየጠቀለለች ታጫውተናለች። ቀንቼ ነበር። ግን ሄድኩ፤ አሥሩንም ቀን።