ዘጠኝ ቀን የደበቅኩት መርዶ

ይህን ነገር እስከ ትናንት ድረስ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩም። ሚስቴም አታውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ ይዤው ዞርኩ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ ግን ቶሎ ብላችሁ "አይዞህ፣ ምን ታደርግ ነበር" አትበሉኝ። ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ።

እናቴ ደሴ ላይ ያረፈችው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። እኔ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኮሜርስ ሲቲ፣ በምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ብሬክ ላይ ነበርኩ። ታላቅ ወንድማችን፣ ወንድም ጋሼ የምንለው፣ ደውሎ አረዳኝ። "ላንተ በስልክ የነገርኩህ ቸግሮኝ ነው" አለ። "ለሙሉ ግን በስልክ አይሆንም። አንተ አቅፈህ ንገራት።" ሙሉ ታናሽ እህታችን ናት። ያኔ ጀርመን አገር ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ወረቀቷ ስላላለቀ ለቀብር መሄድም አትችልም። እኔ ደግሞ ልጠይቃት ትኬት ከቆረጥኩ ሰንብቻለሁ፤ በረራዬ ከነገ ወዲያ ነው። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ወሬው በፌስቡክ እንዳይቀድመኝ ብዬ እዚሁ የምኖርበት ኦሮራ ላይ ለማንም ሳልናገር፣ እንባዬን ውጬ ተሳፈርኩ።

ሙሉ ኤርፖርት ስትቀበለኝ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለች። ያን ዕለት ደክሞኛል ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ እረፍት ወስዳ ነበር፤ በወሩ ያገኘቻት አንዲት ቀን። "ዛሬ የንጉሥ ግቢ ነው የማሳይህ" አለች። የድሮ ቤተ መንግሥት ነው፤ ፓርኩ ለጉድ ይሰፋል። አስጎብኚ የለም። በር ላይ ካርታ ትወስዳለህ፣ ከዚያ ቁጥር የተጻፈባቸውን ምሰሶዎች እየተከተልክ ራስህን ታስጎበኛለህ። ቁርስ ላይ ልንገራት ብዬ ነበር፤ አይ፣ መጀመሪያ ትብላ አልኩ። አውቶቡስ ውስጥ? በሰው ፊት? በቃ፣ አንደኛው ቁጥር ላይ አልኩ።

አንደኛው ቁጥር ላይ ካርታውን ገልብጣ ይዛ ድርቅ ብላ ተከራከረችኝ። አራተኛው ላይ ሐውልቶቹን ለብርዱ በሳንቃ ሣጥን ከድነዋቸዋል። "ወይ ጉድ! ለድንጋይ ጎጆ ቀለሱለት፤ እኔን ማሞቂያ አጥፊ ይሉኛል" አለች። ሳቅኩ። እናቴ ሞታ ሳቅኩ። ዘጠነኛው ላይ የንጉሡ ውሾች ተቀብረዋል፤ እያንዳንዳቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አላቸው። መናገር የነበረብኝ እዚያ ነው። አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ለእናታችን ድምፅ ትቀዳ ጀመር፦ "እማዬ፣ ወንድሜ መጥቷል! እዚህ አገር ለውሻ መቃብር ያሠራሉ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ማታ እንደውልልሻለን፣ እሺ የኔ እናት?" ላከችው። የእናታችን ስልክ ወንድም ጋሼ ጋ ነበር፤ ያን ድምፅ ደሴ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሰማው እሱ ነው። እኔ አፌን መልሼ ዘጋሁ። የቀረውን ቁጥር ሁሉ እጇን ይዤ ዞርኩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ማታ "ደሴ ኔትወርክ የለም" አልኳት። በማግስቱም የለም አልኩ። ከዚያ ተሳፍሬ ዴንቨር ተመለስኩ። መርዶ ይዞ ሄዶ መርዶውን ይዞ የሚመለስ ምን ዓይነት ሰው ነው?

በኅዳር ጽዮን ዕለት ሙሉ እዚያ የምታውቃቸውን ሁለት ሴቶች በስልክ ለምኜ መርዶውን በጠዋት አስነገርኳት። "ዛሬ ነው ያረፈችው" አስባልኩ። ወንድም ጋሼ ተቆጣ፤ ግን ሊያሳፍረኝ ስላልፈለገ ላሉን ጥቂት ዘመዶች እውነተኛውን ቀን እንዳይነግሯት አደራ አለልኝ። ሙሉ ስልክ ላይ ስትጮህ አብሬያት ጮህኩ። ለቅሶዬ የእውነት ነበር፤ ቀኑ ነው የውሸት። የኦሮራ ሰው ቤቴን ሞልቶ ያስተዛዘነኝም በዚያው በውሸቱ ቀን ነው።

አሁን ሙሉ አግብታ እዚሁ ኦሮራ፣ ከእኔ አሥር ደቂቃ ድራይቭ ላይ ትኖራለች። የዚያን ፓርክ ፎቶ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ "እማዬ በሕይወት እያለች መጨረሻ የሳቅኩበት ቀን ይሄ ነው" ትላለች። "እማዬ እኮ በጽዮን ነው ያረፈችው፣ መታደል ነው!" ትላለች። በየዓመቱ በጽዮን ዕለት ዳቦ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ የምሸከምላት እኔ ነኝ። በሚካኤል ዕለት ደግሞ ብቻዬን ሄጄ ጧፍ አበራለሁ። አሳዝናኝ ነው እል ነበር፣ ለራሴ። ውሸት! የፈራሁት የእሷን ሐዘን አይደለም፤ ሐዘኑን አምጪ መሆንን ነው የፈራሁት። ለራሴ ስል የእናቷን ቀን ሰረቅኳት።

ባለፈው ሳምንት ወደ ደሴ ትኬት ቆረጠች፤ መቃብሩን ልትሳለም። መቃብሩ ላይ "ኅዳር 12" ተብሎ ተቀርጿል። ያኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ወንድም ጋሼ ጋ ደውዬ "ድንጋዩን አስቀይርልኝ" አልኩት። አዎ፣ ብያለሁ። "አንተ ልጅ" አለ፣ "እሷን አታለልክ፣ እኔን አስዋሸህ። አሁን ደግሞ እናትህን በመቃብሯ?" ዘጋብኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። እሷም ይቅር ባትለኝ እውነቷን ነው።

ትናንት ከሥራ በፊት ሙሉ ቤት ሄድኩ፤ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩን ከፈተች። ፊቴን አየችና ግድግዳውን ያዘች።

"ምነው በጠዋቱ? ማን ሞተ?" አለችኝ።

"እማዬ" አልኳት።