ቢላ አይንካት

ታላቅ እህቴ መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ከገበሬ እየገዛች በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ የምትጭን ሴት ነበረች። ማሳው ዳር ቆማ በኦሮምኛ ስትከራከር ደላላው ሁሉ ይፈራታል። ስለዚህ አዳማ እኔ ቤት መጥታ፣ በሩን ዘግታ፣ በሹክሹክታ "እስኪ እዚህ ጋ ንኪኝ" ስትለኝ ደነገጥኩ። ግራ ጡቷ ውስጥ እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር አለ። አያማትም። ስለማያማትም ችላ ብላው ከርማለች።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እህቴ አስጠግታ ተቀመጠች።

"ካንሰር ነው" አለቻት። "ግን ገና ትንሽ ነው፤ አልተሰራጨም። አሁን ኦፕራሲዮን ሆነው መድኃኒቱን ከጨረሱ፣ በዚህ ደረጃ የሚመጡ ሴቶች አብዛኞቹ ይድናሉ። ልጆችዎን ያሳድጋሉ።"

እህቴ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ስንወጣ ጭማቂ ቤት ገብተን "እኔ እኮ ሞት ነው የሚነግሩኝ ብዬ ነበር" አለችኝ።

የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ሳይደርስ የባሏ ታላቅ ወንድም መቂ እህቴ ቤት መጣ። በዚያ ቤት ያለ እሱ ቃል በግ አይታረድም።

"ካንሰር ቢላ ሲነካው ይበተናል። ስንቱን ቀብረናል! ቢላ አይንካት" አለ።

"ጋሼ፣ ሐኪሟ እኮ ትድናለች ብላለች" አልኩት።

"ሐኪም እግዜር ነው እንዴ?"

ባሏ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። እህቴን ማድ ቤት ጎትቼ "ምን ሆነሻል? ተናገሪ እንጂ!" አልኳት።

"እምቢ ብዬ ብሞት 'ብለናት ነበር' ብለው ልጆቼን ይበትኗቸዋል" አለችኝ። ያቺ ደላላ የምታንቀጠቅጥ ሴት!

አቦምሳ አካባቢ ቅጠል ቀጥቅጦ የሚለጥፍ ሰው ጋ ወሰዷት። ክረምቱን ሙሉ ስደውል ባሏ "እየደረቀ ነው" ይለኛል። እሷን አቅርብልኝ ስለው ተኝታለች ይላል። በመጨረሻ መቂ ሄጄ ነጠላዋን ገለጥኩት። ቆዳዋ ቆስሏል፤ ጠረኑ ከቤቱ ያስወጣል። ልጆቿ ሌላ ክፍል ነው የሚያድሩት።

ዳግመኛ ያቺው ሐኪም ፊት ስንቀርብ የባሏም ወንድም አብሮን ነበር።

"እሷ ትውጣና ለእኛ ይንገሩን" አለ።

"ጡቱ የእኔ ነው፤ ሞቱም የእኔ ነው" አለች እህቴ። "እዚሁ ይነገረኝ።"

ሐኪሟ እሷን ብቻ እያየች ተናገረች። "ሳንባዎ ደርሷል። ከእንግዲህ ሕመሙን እናስታግሳለን፣ ትንሽ ዕድሜም እንጨምር ይሆናል። ማዳን ግን አንችልም።"

"ያኔ ብታከም ኖሮስ?"

ሐኪሟ ብትዋሽላት ደስ ባለኝ፤ አልዋሸችም።

"ያኔ ያልኩዎት እውነት ነበር" አለቻት።

እህቴ የባሏን ወንድም ዘወር ብላ አየችው። እሱ ስልኩን እየነካካ ነበር።

መድኃኒቱ ለጥቂት ወራት አቆያት። ከፋሲካ በፊት አረፈች። ድንኳኑ ውስጥ ያ ሰው ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጦ "ቀኗ ደርሶ ነው፤ ከፈጣሪ ጋር ክርክር የለም" ሲል ሰማሁት።

"ጋሼ፣ ቀኗ አልደረሰም ነበር" አልኩ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ።

አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝ። "ሐዘን ነው የሚያናግራት" አለ እሱ ረጋ ብሎ፤ ሰውም አመነው። ለእኔ ውሃ አመጡልኝ።

ለሙት ዓመቷ የሄድኩ ጊዜ ትልቋ ልጇ ጓሮ ወስዳ ጠየቀችኝ።

"አባዬ ምች ነው የገደላት ይላል። እውነት ነው?"

ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት።

"ስለዚህ ትድን ነበር?"

"አዎ፣ የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነበር።"

አላለቀሰችም። አጎቷ ከሳሎን ውሃ አምጪልኝ እያለ ይጣራል። ሰምታዋለች። ከአጠገቤ ግን አልተነሳችም።