ራኩል የመረጠችው ፊት

እዚህ ፋሮ ደሴቶች፣ እኛ መንደር፣ ቄስ በስድስት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፤ ያውም ባሕሩ ከፈቀደ። በቀሩት እሑዶች ከመንደሩ አንድ ሰው ወደ ፊት ይወጣና ስብከቱን ከመጽሐፍ ያነብልናል። ሠላሳ ዓመት ያነበበው ሽማግሌው ሃኑስ ዓይኑ ሲደክም ሥራው ራኩል ላይ ወደቀ። ራኩል ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ስትበልት እጇ ንቅንቅ አይልም፤ ሰው ፊት ቆማ ሁለት ቃል መናገር ግን ያስጨንቃታል፤ አንገቷ ድረስ ትቀላለች። ሌላ ፈቃደኛ አልተገኘም፤ አንባቢ ከጠፋ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ሊዘጋ ነው። እኔ ደወል ደዋዩ ቱማስ ቀድሜ ተለምኜ ነበር፤ ጉሮሮዬን ያመኛል ብዬ አመለጥኩ። አሁንም ያሳፍረኛል።

በመጀመሪያው እሑድ ራኩል ከድንጋዩ አጥር ጀርባ ሄዳ አስመለሳት።

"ቱማስ፣ በናትህ ደወሉን ትንሽ አቆየው።"

"ስንት ላቆየው? እስከ ፋሲካ?"

ሃኑስ በዱላው ገፋ አደረገኝ። "ዝም በል አንተ ፈሪ! ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኔም ሆድ ሲላወስ ነው የኖረው። መጽሐፉን በሁለት እጅሽ ያዥ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ከዚያ ከኋላ አንድ ፊት ምረጪና ለሱ ብቻ አንብቢ። እኛን ተዪን፤ ግማሻችን እንቅልፍ ላይ ነን።"

የመጀመሪያውን ገጽ ስታነብ የወረቀቱ መንቀጥቀጥ እስከ በሩ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀና አለችና ድምፅዋ ረጋ። እኔ እንኳ የማልወደውን ስብከት ወደድኩት።

ስንወጣ ሃኑስ "ማንን መረጥሽ?" አላት።

"በግራ በኩል መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን ልጅ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰውን። እንዴት ያለ ደግ ፊት አለው! እንግዳ ነው እንዴ?"

ሃኑስ እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አግዳሚ ወንበር አለው። በግራ በኩል የመጨረሻው ማርዩን የምትባለው ጎረቤታችን ወንበር ነው። ልጇ ሃይኒ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በትንሽ ጀልባ ወጥቶ ጀልባዋ ብቻ ከተመለሰች ጀምሮ፣ እዚያ ወንበር ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። እናቲቱም ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም። ራኩል ከሌላ ደሴት አግብታ የመጣች ናት፤ ሃይኒን አታውቀውም።

"አዎ፣ እንግዳ ነው" አልኳት። ምን ልበላት?

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ንባቧ እያማረ ሄደ። እኔም ከደወሉ ገመድ አጠገብ ሆኜ አንገቴን እያሰገግኩ ወደዚያ ወንበር አያለሁ። ባዶ እንጨት ነው። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጠጋ ብዬ ብዳስሰው እርጥብ ነበር። በጨርቅ ጠረግሁት። በሳምንቱ ስመለስ እንጨቱ ላይ ነጭ የጨው ብናኝ ደርቆበታል። ጣሪያው አያፈስም፤ የዝናብ ውኃም ጨው የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብቻዬ እዚያ መግባት ፈራሁ።

አርባ ሰው ባለበት መንደር ወሬ እስከ ምሳ ተደብቆ አይቆይም፤ ለራኩል ብቻ የነገራት የለም። ጥቅምት ላይ ማርዩን መጣች፤ እኔና ራኩል የመዝሙር መጻሕፍቱን ስንደረድር በሩ ላይ ቆመች። ሰላምታም አልሰጠች።

"ሹራቡ ክርኑ ላይ ምን አለው?"

ራኩል ደነገጠች። "ተጠግኗል። በግራጫ ክር።"

"ሰማያዊው አልቆብኝ ነው" አለች ማርዩን በሩን ተደግፋ። ራኩል ለማን ስታነብ እንደከረመች ያን ጊዜ ገባት። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም።

"ምን ያደርጋል?" አለች ማርዩን።

"ያዳምጣል። ስጨርስ ሁሉም ይነሣል፤ እሱ ግን አይነሣም። የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስላል።"

የሚጠብቀውን ሦስታችንም አወቅነው። በኅዳር መጀመሪያ እሑድ የሙታን ስም ይነበባል፤ ስሙ የተነበበ ሰው ተሰናበተ ማለት ነው። ማርዩን ግን "ሬሳውን ሳላይ ስሙን ከሙታን ጋር አታነቡትም" ብላ አሥራ አንድ ዓመት ከልክላለች። ደፍሮ የተናገራትም የለም።

"ዘንድሮ አንብቢው" አለቻት።

"እማማ፣ ካነበብኩት እኮ ይሄዳል። እሱ ከሄደ ከአፌ ቃል አይወጣም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።"

"እኔስ እንዲሄድ የምፈልግ ይመስልሻል?" ማርዩን እጇን ያዘቻት። "እኔም አንቺም ለራሳችን ብለን ነው ያስቀመጥነው።"

በዚያ እሑድ ማርዩን መጥታ በወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ተወች። ራኩል አራት ስም አነበበች። አምስተኛው ላይ ቆመች። ወደ ኋለኛው ወንበር አየች፤ ከንፈሯ ነጣ።

"ሃይኒ፣ የማርዩን ልጅ።"

ዓይኗ አንድ የሚራመድ ነገር ተከተለ፤ በመተላለፊያው መሐል፣ ቀስ እያለ፣ እኔ ወዳለሁበት ወደ በሩ። በሩ አልተከፈተም። እጄ ላይ ያለው ገመድ ግን ቀዘቀዘ፤ የባሕር አረም ሽታ በአፍንጫዬ አለፈ። የራኩል ዓይን እስከ በሩ ከተከተለው በኋላ የሚያርፍበት አጣ።

ሁለት ገጽ ስብከት ይቀራት ነበር። ጀመረች፤ ድምፅዋ ተቆረጠ። አንዱን መስመር ዘለለች፣ ሌላውን ደገመች። ሃኑስ አንገቱን ደፋ። እኔ ገመዱን ስቤ ደወሉን ደውዬ ልገላግላት አሰብኩ።

ያኔ ማርዩን ብድግ አለች።

"አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ" አለች። "መጠበቅ እችልበታለሁ።"

ራኩል እንባዋን በእጇ ጠረገችና ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች። እስከ መጨረሻው እየተንቀጠቀጠች አነበበች፤ ማርዩንም እስኪያልቅ አልተቀመጠችም።