ያልተመዘነው አውራ በግ

ሞላሌ ከተማ በምሠራበት የበግ አርቢዎች ማኅበር ኮምፒውተሩ የእኔ ግዛት ነው። መዛኞች በየቀበሌው እየዞሩ የበጎቹን ክብደት በስልካቸው ይሞላሉ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ መረጃውን ጄሰን በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት የአጻጻፍ ዓይነት አሰናድቶ ይልከዋል። ከዚያ አውራ በጎቹ ደረጃ ይወጣላቸዋል። ከላይ ያሉት ለዘር ይቀራሉ፣ ከታች ያሉት ይኮላሻሉ። መረጃውን ወደ ጄሰን የሚቀይረውን ኮድ ከሀ እስከ ፐ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራው ሲጀመር ስልኮቹ ደካማ ስለነበሩ በልካቸው ሰፋሁት፤ ስልኮቹ ከተቀየሩ በኋላም ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ባለሙያ ተቀጠረች፤ ቆላ ወርደው የሚነግዱ ሙስሊም ቤተሰቦች ልጅ ናት። ኮዴን አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ይህን እኮ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ዝግጁ ላይብረሪ ይሠራዋል፤ ምን ያደክምዎታል?» አለችኝ። ላይብረሪ የምትለው ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው ማንም እንዲጠቀምበት የለቀቁትን ኮድ ነው። ደሜ ፈላ። ጋሼ መባሉም ሳያናድደኝ አልቀረም።

«ውጤቱ ከእኔው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ከሆነ ይተካ» አልኳት፤ እንደማይሆን እርግጠኛ ነበርኩ።

ሁለቱንም በአንድ መረጃ ላይ ሞከረቻቸው። ገጽ በገጽ ተመሳሰሉ። ሆድ እየባሰኝ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ተለያዩ። የአንድ አውራ በግ የስድስት ወር ክብደት በእኔ ዜሮ ነው፣ በእሷ ባዶ።

«ይኸው፣ ላይብረሪሽ ቁጥር ዋጠ» አልኩ ደስ ብሎኝ።

አልተከራከረችኝም። «ዜሮ ኪሎ የሚመዝን በግ አለ እንዴ?» አለችና በጉ ሊመዘን የተቀጠረበትን ቀን አሳየችኝ። «ኅዳር ሃያ አንድ ምንድን ነው?»

ጽዮን ማርያም ናት። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና ማሰብ አላስፈለገኝም። በዚያ ቀን በእኛ ቀበሌዎች ሚዛን የሚሰቅል የለም። መዛኙ በዓሉን አክብሮ ቦታውን ክፍት ትቶታል፤ የእኔ ኮድ ደግሞ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ዜሮ ይሞላል። ክፍት ቦታ ስለሚያስጠላኝ እኔው ነኝ እንዲያ ያደረግሁት። በጣም አፈርኩ።

ደረጃው ግን ትናንት ለአርቢዎቹ ተነግሯል። የበጉ ባለቤት ከከተማው ዳር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ መጨረሻ የወጣውም የእሳቸው በግ ነው። ወዲያው ደወልኩላቸው።

«እማማ፣ አውራው ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል ልጄ። የሚያኮላሸው ሰውዬ መጥቶ ጠላ ቀድቼለት ነው፤ እሱን ሲጨርስ ይይዘዋል።»

«እንዳይነካው እማማ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ሳይመዘን ነው መጨረሻ ያልነው።»

 ከዚያ ሰውየውን «በቃ ተወው» ሲሉት ሰማሁ።

«እኔማ አውቄው ነበር» አሉኝ፤ «ከመንጋው እሱን የሚያህል የለም። ግን ኮምፒውተሩ ካለ ብዬ ዝም አልኩ።»

ስልኩን ዘግቼ ኮዴን ራሴ አጠፋሁት፤ ልጅቷም ላይብረሪውን ተካችበት። ለኮዱ አላዘንኩም። ያስፈራኝ ሴትዮዋ የገዛ ዓይናቸውን ትተው እኔን ማመናቸው ነው።