ከዳባት እስከ ቤይሩት፣ ፊደል ስለቅም

የምሄድ ዕለት ማለዳ እናቴ ጣቶቼን በሎሚና በአመድ ስትፈትግ ነው ያነጋችው። ደባርቅ ጋሽ ተገኝ ማተሚያ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቼ ቀለሙ ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቀርቷል። «እጇ ቆሻሻ ነው ብለው ከመንገድ ይመልሱሻል» የሚል ፍርሃት ይዟታል።

«ቆሻሻ አይደለም እኮ እማዬ፣ ሙያ ነው» አልኳት።

«እኔማ ዐውቃለሁ። እነሱ በምን ያውቃሉ?» አለችና ደግማ ፈተገችኝ።

የዳባትን የማለዳ ብርድ ታውቁታላችሁ። ሚኒባሱ ሲደርስ ነጠላዋን አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝና ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። ስታለቅስ እንዳላያት ብላ ነው።

ሥራዬን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ከእርሳስ የተሠሩ ትንንሽ ፊደሎችን ከመሳቢያ እየለቀምኩ፣ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጠው፣ አንድ በአንድ እደረድራለሁ። ቀለም ተቀብተው በእግር የሚረገጠው የማተሚያ መኪና ወረቀቱ ላይ ሲጫናቸው ቃሉ ይቃናል። የደባርቅ መምህር ሲያገባ፣ ተዝካር ሲደገስ፣ ጥሪውን የምናትመው እኛ ነበርን። ከመካነ ብርሃን በእግሩ መጥቶ ካርዱ እስኪደርቅ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ዙሪያውን የሚያስጌጠውን ሐረግ ከብራና መጻሕፍት እያየሁ እንጨት ላይ የምቀርጸው እኔ ነኝ። ጋሽ ተገኝ «እኔ የማላውቀውን እጅሽ ያውቃል» ይሉኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ደረቴ ይነፋል፣ ይቅር በሉኝ።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር ቤት ተከፈተ። ካርዱ ባለቀለም ነው፣ አበባ አለበት፣ ቶሎ ይደርሳል። በዓመቱ ጋሽ ተገኝ በሩን ዘግተው አምባ ጊዮርጊስ እህል ንግድ ጀመሩ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ቤይሩት ሠራተኛ የሚልክ አንድ አስቀጣሪ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ሙያ?» አለኝ ጸሐፊው።

«ፊደል ለቃሚ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ወጥ መሥራት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እሱ ይሻላል» አለና ጻፈ።

ቤይሩት ስደርስ ሙቀቱ እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብኝ። የምሠራላት ማዳም ሲልቫ አርመን ናት፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ዳቦአቸው ኹብዝ ይባላል፤ ከመሳሳቱ የተነሣ ማዶውን የሚያሳይ ይመስላል፣ ሆድ ውስጥ ገብቶም የገባ አይመስልም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ዝምታቸው ነው። ጎረቤት አሳንሰር ውስጥ አጠገቤ ቆሞ ሰላም አይለኝም። እኛ ጋ እኮ ሰላም ሳይባባሉ የሚተላለፉት የተጣሉ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ወር ማንን እንዳስቀየምኩ ሳስብ ከረምኩ።

በሁለተኛው ወር ማዳም ምሳ አስይዛ ምድር ቤት ወዳሉት ወደ አባቷ ላከችኝ። ባሮን ሃኮፕ ይባላሉ፤ ባሮን በእነሱ ቋንቋ አቶ ማለት ነው። በሩን ስከፍት የቀለምና የጋዝ ሽታ አፍንጫዬን መታው። መሳቢያዎቹ፣ የእርሳስ ፊደሎቹ፣ በእግር የሚረገጠው መኪና ሁሉ አሉ። ሽማግሌው አጉሊ መነጽር ይዘው ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቀርቤ አየሁ።

«ባሮን፣ ይቺ ተዘቅዝቃለች» አልኳቸው በተሰባበረ ዓረብኛ።

«አርመንኛ ታነቢያለሽ?»

«አላነብም። ግን ሌላ ቦታ ያሉት እሷን መሰሎች በእግራቸው ቆመዋል፣ እሷ በጭንቅላቷ ቆማለች።»

መነጽራቸውን አስጠግተው አዩ። ፊደሏን በመቆንጠጫ አውጥተው አዞሯት። ሳህኑን ከእጄ ተቀብለው ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«ደባርቅ።»

«ደባርቅ የሚባል ሰው?»

«የሚባል አገር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ማድረሱ ረዘመ። የነሱ ፊደል ከእኛ ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱ ቁርጥ «ሀ»ን ነው፣ ሌላው «በ»ን። ድምፃቸው ግን ሌላ ነው። መንገድ ላይ ዘመድ መስሎኝ ሮጬ ያቀፍኩት ሰው የማላውቀው ሆኖ እንደማግኘት ነበር።

ማዳም ነገሩ ሲገባት ተቆጣች። «አባዬ፣ እኔ ያስመጣኋት ለቤት ሥራ ነው። ዓይንህ ደክሟል፤ ክፍሉን ለሞባይል ሻጭ እናከራየውና ይብቃህ።» ባሮን ሃኮፕ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ የሠርግ ካርድ ትእዛዝ ተቀብለው ነበር። «ይህን እንጨርስ። አንድ ስሕተት ከተገኘበት የክፍሉን ቁልፍ እሰጥሻለሁ» አሏት።

እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ቃል በማላውቀው ቋንቋ ነው የምለቅመው። ጠዋት ቤቱን ጨርሼ ከሰዓት እወርዳለሁ፣ የእጅ ጽሑፉን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ በቅርጹ ብቻ እያመሳሰልኩ እደረድራለሁ። ሳምንት ፈጀብኝ። ባሮን ሃኮፕ የመጀመሪያዋን ካርድ አትመው ሊያርሙ ሞከሩ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረና ተዉት። ሳይታረም ቀረ ማለት ነው። የሙሽራዋ አባት በማግሥቱ መጥተው ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። ማዳምም በሩ ላይ ቆማለች።

«አንድም ስሕተት የለውም» አሉ ሰውዬው። «ማነው የለቀመው?»

«እሷ» አሉ ባሮን ሃኮፕ።

ሰውዬው አዩኝ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለጉ። ከኋላዬ ግድግዳ ነው። ማዳም ወጣች፤ ማታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ራት እንድንቀመጥ ወንበር ሳበችልኝ። ቁልፉም ከአባቷ ኪስ ሳይወጣ ቀረ።

የመኖሪያ ፈቃዴ ሲታደስ ባሮን ሃኮፕ ሙያዬን ካላስቀየርኩ ብለው ቢሮ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ።

«ሙያ?» አለ ሹሙ።

«አታሚ» አሉ።

«ሐበሻ አታሚ የለም። ኮምፒውተሩ አይቀበልም።»

«ኮምፒውተሩ ስንት ሐበሻ ያውቃል?»

«የቤት ሠራተኛ ወይም የጽዳት ሠራተኛ። አንዱን ምረጡ።»

ሽማግሌው ከኪሳቸው አንድ ካርድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይህን በመጥረጊያ ነው የሠራችው?»

ሹሙ ካርዱን አነሣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ፊቱ ለስለስ አለ። «ቆንጆ ነው። ልጄ በበጋ ታገባለች። ለሷ ታትምልኛለች?»

«ታትማለች።»

«ደስ ይለኛል» አለ፣ ማኅተሙንም አነሣና «የቤት ሠራተኛ» በሚለው ላይ መታው። የልጁን ካርድ አተምኩለት። እንደ ክፋቱ ሳይሆን እንደ እጄ አሳምሬ ሠራሁት።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሰባሰባለን። አምሳል የምትባል የዳባት ልጅ አለች፤ የሰፈራችን ናት፣ ሰው ቤት አሮጊት ታስታምማለች። ከአዲ አርቃይ የመጣ ኪሮስ ከሚባል የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ጋር ልትጋባ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሳብ አድርጋኝ «በአማርኛ ካርድ አትሚልኝ» አለችኝ።

«ለማን ልትሰጪው? እዚህ ያለን ሁላችንም ሰምተናል።»

«እዚህ ላለው አይደለም። ለአባቴ፣ ለእናቴ፣ ለሰፈሩ ሰው በሙሉ ልልከው ነው።»

«አምሳልዬ፣ አይመጡም እኮ።»

«እንደማይመጡ ዐውቃለሁ። ሳትጠራን አገባች እንዳይሉኝ ነው።»

እሺ አልኳት። የአማርኛ የእርሳስ ፊደል ደግሞ በመላው ቤይሩት የለም። ባሮን ሃኮፕ የበርበሬ ቀለም ያለው ጥሩ እንጨት ሰጡኝና ጥሪውን ከነሐረጉ ገልብጬ ቀረጽኩት። «ጠ» ከነሦስት እግሯ አስቸገረችኝ፤ ሁለት ጊዜ ተሰብራብኝ እንደገና ጀመርኩ። ባሮን ሃኮፕ አጠገቤ ተቀምጠው ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው እየዳሰሱ «እዚህ ጋ ሻካራ ነው» ይሉኛል። ሲያልቅ «በእንግድነት የምንኖር ልጆቻችሁ በሠርጋችን እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠራችኋለን» የሚለው ቀጥ ብሎ ወጣ። ከካርዱ ጀርባ፣ ከታች፣ በትንሹ፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጭኜ ስሜን ጨመርኩ። ጋሽ ተገኝ ቤት እንኳ ያላደረግኩት ነው። ወደ አገሯ የምትመለስ እኅት ካርዶቹን ይዛልን ሄደች።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። አሁን የራሷ ሞባይል አላት፤ ጆሮዋ ላይ ሳይሆን አፏ ፊት ይዛው ነው የምታወራው።

«የአምሳል ጥሪ ለእኛም ደረሰን» አለችኝ። «ቄሱ አነበቡልን። አባቷ ዳስ ጥለው ሰፈሩን በሙሉ አበሉ። ሙሽሮች የሉም እንጂ ሠርጉስ ሠርግ ነበር። ካርዱን ያተመችው ልጄ ናት ስላቸው ግን ግማሹ አላመነኝም።»

«ስሜ አለበት እኮ እማዬ። አላነበቡልሽም?»

«የት ጋ?»

«ገልብጪው። ከታች፣ ጠርዙ ጋ።»

ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «ጎድጎድ ያለ ነገር አለ፤ ጣቴ ገባበት» አለች። «ሦስት ናቸው።»

«አዎ፣ ሦስት። ዘርፌ ይላል።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መቼ ነው የምትመጪው ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈራሁ፤ የመምጣት ፈቃዱ በእኔ ሳይሆን በማዳም እጅ እንደሆነ ለሷ ማስረዳት አልችልበትም። እሷ ግን «የመጀመሪያዋ ምን ትባላለች?» አለችኝ።

«ዘ።»

«ዘ» አለች ቀስ ብላ፣ እየዳሰሰቻት መሆን አለበት። «ሁለተኛዋስ?»

አፌን ስከፍት የስልኬ ሒሳብ አለቀና ተቋረጠ።